ሳህኖቹን ለእቶን የሰጠው ቀራፂ

በጣሊያን ፍሎሬንስ ከተማ፣ ሎጂያ ዴይ ላንዚ በተባለው ባለ ቅስት አዳራሽ ሥር አንድ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና የሆነው ፐርሴየስ የሜዱሳን የተቆረጠ ራስ በግራ እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል። ቀራፂው ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1545 ከመስፍኑ ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ተቀብሎ ለሕዝብ ያሳየው በ1554 ነበር።

ዘዴው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ሥፍራ ወርቅ ይገባል። «ሰምና ወርቅ» የተባለው የቅኔ ስልት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሙያ ነው። ቼሊኒ ይህንኑ ዘዴ ከሰው ቁመት እጅግ ለሚበልጥ ሥራ ተጠቀመበት። የሸክላውን ቅርጽ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ዙሪያውን በአፈር ጠቀጠቀ፤ አየር የሚወጣባቸውንም ቱቦዎች አበጀ።

ችግሩ የመጣው ከእቶኑ ነው። ቼሊኒ በሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ትኩሳት ይዞት በተኛበት ሰዓት ነሐሱ እየረጋ ሄደ። ደራሲው ራሱን ማሞገስ የሚወድ ሰው ስለሆነ ትረካውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባናል፤ ፊዚክሱ ግን ይደግፈዋል። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቆርቆሮ ደግሞ በ232 ዲግሪ ነው። ከመቶ አሥር እጅ ቆርቆሮ ያለበት ነሐስ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ የሚሆነው በ1000 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከዚህ ጥቂት ዝቅ ካለ ጠጣሩና ፈሳሹ ተደባልቀው ቅይጡ እንደ ገንፎ ይሆናል። ገንፎ ደግሞ በቀጭን ቀዳዳ አይወርድም።

ቼሊኒ ከአልጋው ተነሥቶ ከአንድ ዓመት በላይ የደረቀ የባሉጥ እንጨት አስጨመረ። ነሐሱ ቀለጠ፤ ዳሩ ግን የእቶኑ ክዳን ፈነዳ፤ ብረቱም ሲለቀቅ እንደሚገባው አልፈሰሰም። ቀራፂው ኃይለኛው እሳት ቆርቆሮውን እንደበላው ገመተ። ግምቱ ብልህ ነው፤ ቆርቆሮ ከመዳብ ይልቅ ከኦክሲጅን ጋር ለመዋሐድ ይቸኩላልና፣ ከቅይጡ ወጥቶ ኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ በቤቱ የነበሩትን በአብዛኛው ከቆርቆሮ የተሠሩ ሁለት መቶ ያህል ሳህኖችና ድስቶች አስመጥቶ ከፊሉን በመፍሰሻው ቦይ፣ ከፊሉንም በእቶኑ ውስጥ ጣለ። ቆርቆሮው ሲጨመር የመቅለጫው ሙቀት ዝቅ አለ፤ ቅርጹም ሞላ። ቤተሰቡ በማግስቱ የሸክላ ዕቃ ገዛ።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው። መስፍኑ ከፍ ብሎ የተያዘው የሜዱሳ ራስ በነሐስ አይወጣም ብሎ ሲጠራጠር፣ ቼሊኒ ራሱ በደኅና ይወጣል፣ የሚበላሸው የፐርሴየስ ቀኝ እግር ነው ሲል አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ምክንያቱንም «እሳት በባሕርዩ ወደ ላይ ይወጣል» በሚለው የዘመኑ ፍልስፍና አስረዳ። እኛ ዛሬ በሌላ መንገድ እናብራራው ነበር፦ ብረቱ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ሙቀቱን ለቅርጹ ግድግዳ ይሰጣል፤ እንደ ጣት ያለ ቀጭን ክፍል ደግሞ ከይዘቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ቀድሞ ይረጋል።

ከሁለት ቀን በኋላ ከላይ ጀምሮ ገለጠው። የሜዱሳ ራስ ምንም አልጎደለበትም። ወደ ታች ወርዶ የቀኙን እግር ተረከዝ ሙሉ ሆኖ ሲያገኘው ደስ አለው፤ ትንቢቱ ስለ ከሸፈ ግን ቅር ተሰኘ። ጥቂት ሲቆፍር ጣቶቹ አልወጡም ነበር።