«ድምፁ አነሰ»፦ በቤት ሲኒማ መሣሪያ መመሪያዎች ውስጥ ስለሚታየው የቃላት መደራረብ

የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች መመሪያ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ የተርጓሚው ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው የዕቃው ባሕርይ በሚገለጽባቸው የመጀመሪያ ገጾች ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ጥንቃቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ ይኸውም ብልሽት በሚፈለግበት ሠንጠረዥ ላይ ነው። በገለጻው ክፍል አንድ ቃል ቢሳሳት አንባቢው ዕቃውን እያየ ያቃናዋል፤ በሠንጠረዡ ግን ቃሉ እጅን ስለሚያዝ፣ የተሳሳተው ቃል ያልተበላሸውን ገመድ ያስነቅላል፤ አንዳንድ ጊዜም ደኅናውን ዕቃ ያስቃጥላል። በዚህ ጽሑፍ ከሠንጠረዡ አንድ መሥመር ብቻ ወስደን እንመረምራለን፤ «ድምፁ አነሰ» የሚለውን።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ስም። በውጭ አገር መመሪያዎች «ሪሲቨር» የሚባለው ከቴሌቪዥን፣ ከዲስክ ማጫወቻና ከመሳሰሉት የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ በክፍሉ ዙሪያ ለተቀመጡት ስፒከሮች የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው። ስሙ የወጣለት የራዲዮ መቀበያን ከማጉያ ጋር በአንድነት ስለያዘ ነው። በአገራችን ግን «ሪሲቨር» ሲባል ሰው ሁሉ የሚረዳው ከዲሽ ጋር የሚገናኘውን የሳተላይት ሣጥን ነው። ሁለቱ ሣጥኖች በአንድ መደርደሪያ ላይ በሚገኙበት ቤት «የሪሲቨሩን ድምፅ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን እንደሚመለከት አይታወቅም። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ጥፋቱ ከሁለቱም ሊመጣ መቻሉ ነው። የሳተላይቱ ሣጥን የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ አለው፤ ሁለቱ በቀይና በነጭ ገመድ ሲገናኙ ያኛው ዝቅ ተደርጎ ከቀረ፣ ዋናው መሣሪያ የቱንም ያህል ቢከፈት የሚያጎላው ያንኑ የደከመ ምልክት ነው። ስለዚህ «ሪሲቨር» የሚለው ቃል ሕዝቡ ለሰጠው ዕቃ ይቅር፤ ለሌላው «የቤት ሲኒማ ማጉያ» ብንል ይሻላል እንላለን።

ይህን ስንል ግን «ማጉያ» ራሱ ንጹሕ ቃል እንዳልሆነ አንዘነጋም። «ጎላ» ከሚለው ግሥ «አጎላ»፣ ከዚያም የመሣሪያ ስም የሆነው «ማጉሊያ» ይወጣል፤ «ከፈለ» «መክፈያ»ን፣ «ሰቀለ» «መስቀያ»ን እንደሚሰጡት ሁሉ «ለ» ወደ «የ» ተለውጦ «ማጉያ» ሆኗል። ርባታው ሥርዐቱን የጠበቀ ነው፤ ችግሩ ያለው በተሸካሚው ብዛት ላይ ነው። በስብሰባ አዳራሽ «ድምፅ ማጉያውን አቀብለው» ሲባል ማይክሮፎን ማለት ነው። «በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ» ሲባል በመኪና ጣራ ላይ የታሰረው ስፒከር ነው። የራዲዮ ጠጋኝ «ማጉያው ተቃጥሏል» ቢል ደግሞ በመካከል ያለውን፣ ደካማውን ምልክት የሚያበረታውን ክፍል ማለቱ ሊሆን ይችላል። ድምፅ የሚገባበት፣ የሚጎላበትና የሚወጣበት ሦስቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። (ለትልልቆቹ ስፒከሮች ሕዝቡ የራሱን መፍትሔ አግኝቶ ነበር፤ ከኢጣሊያ ፋብሪካ ስም «ሞንታርቦ»ን ወስዶ የወል ስም አደረገው። ከአካዳሚ ደጅ ሳይደርስ የተሠራ ሥራ ነው።)

በተራ ንግግር ይህ መደራረብ አይጎዳም፤ ዐውዱ ይለየዋል። በቤት ሲኒማ መመሪያ ግን ሦስቱም ዕቃዎች በአንድ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ማጉያዎች ከትንሽ ማይክሮፎን ጋር ይሸጣሉ፤ ማይክሮፎኑ አድማጩ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በጆሮው ቁመት ላይ ይቀመጥና መሣሪያው ከየስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ ለክቶ ያስተካክላል። ይህ ልኬት ከተበላሸ የአንዱ ወይም የሌላው ስፒከር ድምፅ አለአግባብ ዝቅ ይላል። እንግዲህ «ድምፅ ማጉያውን በመቀመጫዎ ላይ ያኑሩ» ተብሎ ቢተረጐም፣ ታዛዡ አንባቢ ስፒከሩን ተሸክሞ ሶፋ ላይ ቢያስቀምጠው ጥፋቱ የማን ነው? «ማይክሮፎን»ና «ስፒከር» የሚሉትን የውሰት ቃላት እንዳሉ ተቀብለን «ማጉያ»ን ለመካከለኛው ክፍል ብቻ መለየት እንደሚበጅ የምናምነው በዚህ ምክንያት ነው። የአገር ቃል መውደድ ማለት አንዱን የአገር ቃል ሦስት ሸክም ማሸከም አይደለም።

አሁን ወደ «ድምፅ» እንመለስ። ባለቤቱ «ድምፁ አነሰ» ሲል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊል ይችላል፦ በመቆጣጠሪያው ላይ የሚነበበውን ቁጥር፣ ማጉያው ለስፒከሩ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ጉልበት፣ ወይም በጆሮው የሚሰማውን። ለመጀመሪያው «መጠን»፣ ለሁለተኛው «ኃይል»፣ ለሦስተኛው «ጉልህነት» ብንል ሦስቱን መለየት ይቻላል። ሦስቱ አብረው አይሄዱምና ልዩነቱ ለቃላት ውበት ሲባል የተፈጠረ አይደለም። መጠኑ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ሲያድግ ጆሮ ግን የሚሰማው በግምት እጥፍ ያህል ጉልህ ሆኖ ነው። ስለዚህ «ድምፁን እጥፍ ያድርጉ» የሚለው ትእዛዝ እንደ ተረጐሙት ይለያያል። ዐቅሙን የጨረሰ ማጉያ ተጨማሪ ኃይል ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቈርጣል፤ ይህም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር ሊያቃጥለው ይችላል።

የቁጥሩ ንባብም የራሱ ወጥመድ አለው። በብዙ መሣሪያዎች ላይ መጠኑ የሚታየው ከ0 በታች ባሉ ቁጥሮች ነው፤ −30 ከ−50 ይልቅ ጉልህ ነው። ምልክቷን ሳያይ «50 ድረስ ከፈትኩት፣ አሁንም አይሰማም» የሚል ሰው ያደረገው ዝቅ ማድረግ ነው። 0 የሚለው ነጥብ በልኬት በተስተካከለ መሣሪያ ላይ የሲኒማ አዳራሽን ደረጃ የሚያመለክት ሲሆን፣ በዚያ ደረጃ ከአንድ ዋና ስፒከር የሚወጣው ከፍተኛው ድምፅ 105 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በመኖሪያ ክፍል የሚቻል ነገር አይደለም። ቁጥሩ በ−25 አካባቢ መቆሙ ብልሽት እንዳልሆነ መመሪያው ሊገልጽ ይገባል። ተርጓሚውም «ከ−30 በታች» ከማለት ይልቅ «ከ−30 ይበልጥ ዝቅ ያለ ድምፅ» ቢል ጥርጣሬው ይወገዳል።

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ ግን ሌላ ነው፤ ፍንዳታው ቤቱን እያናወጠ የተዋንያኑ ንግግር አለመሰማቱ። እዚህ ላይ አጠቃላይ መጠን መጨመር ነገሩን ያባብሳል። በባለ ብዙ መሥመር ፊልም ንግግሩ በአብዛኛው የሚጓዘው በመካከለኛው መሥመር ነው። («ቻናል» የሚለውን ቃል እንዳንጠቀም የቴሌቪዥን ጣቢያ መጠሪያ ሆኖ ቀድሞናል።) መካከለኛ ስፒከር በሌለበት ቤት መሣሪያው እንዳለ ከቈጠረ ንግግሩን ወደ ባዶ መውጫ ይልከዋል፤ መፍትሔው ከማስተካከያው ገጽ «የለም» ብሎ መመዝገብ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ንግግሩ ለግራና ለቀኝ ይከፋፈላል። ስፒከሩ ካለ ደግሞ የእርሱን ብቻ ጥቂት ዴሲቤል ከፍ ማድረግ፣ ወይም በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብበውን የሌሊት ማዳመጫ መክፈት ነው። ይህን ርቀት «የጉልህነት ስፋት» እንለዋለን፤ «የድምፅ ስፋት» ብንል በዜማ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን ሊያስመስል ይችላል።

የአንዱን ስፒከር ሽቦ አወንታዊና አሉታዊ ጫፍ ማዛባት ወፍራሙን ድምፅ እንደሚያጠፋ መመሪያዎቹ ሁሉ ስለሚጠቅሱት አንዘገይበትም።

ከመግቢያዎቹ ወገን ግን አንድ ቃል ቀርቷል። በመሣሪያው ጀርባ «ፎኖ» ተብሎ የተጻፈው መግቢያ ለሸክላ ማጫወቻ የተለየ ነው። የሸክላው መርፌ በተለመደው የማግኔት ዐይነት የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ሲሆን የሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ 400 እጥፍ ማለት ነው። የራሱ ቅድመ ማጉያ የሌለው ሸክላ ማጫወቻ በተራው መግቢያ ከተሰካ ድምፁ በጭንቅ ይሰማል፤ ሲዲው በፎኖ ከተሰካ ደግሞ ይንጫጫል። «ፎኖ» የሚለውን በፊደላችን እንዳለ ገልብጦ ማለፍ ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ «የሸክላ መግቢያ» ቢባል ግን ሸክላ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።