ከኮሮጆው በፊት የሚወሰን ድምፅ

በቆቦ ከተማም ሆነ በራያ ቆላ ቀበሌዎች፣ በጎብዬም በሮቢትም፣ ካርድ አውጥቶ የሚሰለፍ መራጭ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አይመርጥም። ለፌዴራሉ መንግሥት የሚመርጠው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቀመጥለትን እንደራሴ ብቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ይመርጠዋል፤ ርዕሰ ብሔሩም የሚሰየመው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ነው። ይህን ሲሰሙ «አሜሪካኖች ግን መሪያቸውን በቀጥታ ይመርጣሉ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ተሳስተዋል። አሜሪካዊው መራጭ ድምፁ የሚያርፈው 538 በሆኑት ወኪል መራጮች ላይ ነው፤ 270 ያገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ48ቱ በጥቂት ድምፅም ቢሆን የበለጠ እጩ የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ስለሚወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በአገር አቀፍ ድምር 2.9 ሚሊዮን ያህል ድምፅ በልጠው ተሸንፈዋል። እዚያም እዚህም የአንድ ድምፅ ክብደት ከምርጫው ቀን በፊት ይወሰናል፤ የሚወስኑትም የቆጠራው ደንብና የምርጫ ክልሉ ድንበር ናቸው። እኛ ግን ስለ ምርጫ ስንከራከር የምናነሳው እጩውን፣ ታዛቢውንና ኮሮጆውን ነው።

ደንቡን እንይ። አንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው እንዲመረጥ ያዝዛል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። በአንድ የምርጫ ክልል ከመቶ መራጭ 40ው ለአንዱ፣ 35ቱ ለሌላው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ቢሰጡ እንበል። የ40ው ሰው ምክር ቤት ይገባል፤ የ60ው ድምፅ ወንበር ሳይገዛ ይቀራል። ይህ በየምርጫ ክልሉ ሲደጋገም ውጤቱ ሕዝቡን የማይመስል ምክር ቤት ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባን 23 የፌዴራል መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች በሙሉ ወሰዱ፤ በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ። በአገር አቀፍ ደረጃም ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2002 ከ547ቱ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ አንድ ሳይቀር ሁሉንም ያዙ። የፖለቲካ ምኅዳሩ መጥበብ በዚህ ውስጥ ከባድ ድርሻ እንደነበረው አልክድም። ነገር ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ በአምስት ዓመት ከዳር እስከ ዳር አቋሙን አይገለብጥም፤ ትንሹን የድምፅ ልዩነት ትልቅ የወንበር ልዩነት የሚያደርገው ይህ ደንብ ነው። ርዕሰ ብሔር ሙላቱ ተሾመ በመስከረም 2009 ማብቂያ ለምክር ቤቶቹ ባሰሙት ንግግር የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ቃል ቢገቡም፣ በኋላ የወጣው አዋጅ 1162/2011 የአብላጫ ድምፁን ደንብ እንደነበረ አቆይቶታል።

ድንበሩ ደግሞ ለራያ ሰው ከደንቡ ይበልጥ ይቀርበዋል። ቆቦ፣ አላማጣና ኮረም ከ1983ቱ ለውጥ በፊት በወሎ ውስጥ፣ በራያና ቆቦ አውራጃ አብረው ይተዳደሩ ነበር። ከለውጡ በኋላ ቆቦ በአማራ፣ አላማጣና ኮረም በትግራይ ክልል ሥር ሆኑ፤ አንድ ሜዳ የሚያርስ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኝ ሕዝብ ለሁለት የክልል ምክር ቤቶች መራጭ ሆነ። አካባቢው የማን ይሁን የሚለውን ክርክር ይህ ጽሑፍ አይፈታውም። ድንበሩ በድምፅ ላይ ያደረገው ግን ግልጽ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ምርጫ ለትግራይ የተመደቡት 38 የፌዴራል መቀመጫዎች ባዶ ቀሩ፤ በትግራይ በኩል የተካለሉት አላማጣና ኮረምም ያለ እንደራሴ ቀሩ ማለት ነው። በአሜሪካም የመስመሩ ጉልበት ያው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ዴሞክራቶች ለተወካዮች ምክር ቤት በጠቅላላ ድምፅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በልጠው፣ ከ435ቱ ወንበር 201 ብቻ አገኙ። ልዩነቱ እዚያ መስመሩ በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ መከለሱ ነው፤ ፓርቲዎች ለራሳቸው እንዲያመች ቢጎትቱትም ክርክሩ በአደባባይና በፍርድ ቤት ይካሄዳል። የእኛም አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ እንዲደረግ፣ በውጤቱም መሠረት የምርጫ ክልሎች እንዲወሰኑ ያዝዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ወንበሩን በድምፅ ድርሻ ልክ የሚያከፋፍል ተመጣጣኝ ውክልና ቢመጣ የቆቦ ገበሬ «የእኔ» የሚለውን እንደራሴ ያጣል የሚል ተቃውሞ አለ። ፍሬ ያለው ስጋት ነው፤ በፓርቲ ዝርዝር ብቻ የሚመረጥ ሰው ስለ ማሽላው ድርቅ የሚጠይቀው የለም። መልሱ ቅይጡ ሥርዓት ነው፤ በጀርመን መራጩ አንዱን ድምፅ ለአካባቢው እጩ፣ ሌላውን ለፓርቲ ይሰጣል። ምክር ቤቱ በጥቃቅን ፓርቲዎች ይበጣጠሳል ለሚሉም ጀርመኖች የ5 በመቶ ገደብ አስቀምጠዋል። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ ጦርነት ደጋግሞ በረገጠው ምድር የቆጠራ ስሌት ምን ይረባል? የሚረባው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ድምፅ ይዞ አንድም ወንበር ያላገኘ ወገን ምክር ቤቱን የእኔ ብሎ ለመቀበል ይቸገራል፤ ያ ቅሬታ የት እንደሚያደርስ ከ1997 ወዲህ አይተናል።

አንቀጽ 54ን መለወጥ ቀላል አይደለም፤ በአንቀጽ 105 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ሊስማሙበት ይገባል። ስለዚህ የቆቦ መራጭ ሆይ፣ እጩው ድምፅህን ሊለምን ሲመጣ ከመንገዱና ከውኃው ጋር እነዚህንም ጠይቀው፦ አንቀጽ 54 እንዲሻሻል እጅህን ታወጣለህ? የሕዝብ ቆጠራውስ መቼ ይካሄዳል?