76 ሴንቲሜትር፦ ጎልፍ የሚበላሸው እጅ ላይ ነው ወይስ ጭንቅላት ውስጥ?

ጁን 16 ቀን 2024፣ ፓይንኸርስት፣ ኖርዝ ካሮላይና። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) የዩኤስ ኦፕን የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ቀን ነው። ሰሜን አየርላንዳዊው ሮሪ ማክልሮይ አምስት ጉድጓድ ሲቀረው በሁለት ምት ይመራ ነበር። 16ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ከቀዳዳው የራቀችው 76 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ማለት ነው። በዚያ የውድድር ዘመን ከ91 ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት 496 ጊዜ ሞክሮ 496ቱንም አስገብቷል። 497ኛዋን ሳታት።

በዚህም አላበቃም። የመጨረሻው 18ኛ ጉድጓድ ላይ ከአንድ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ ሌላ ኳስ ሳተ። ዋንጫውን ብራይሰን ዴሻምቦ በአንድ ምት ልዩነት ወሰደው።

ታዲያ ይሄ ሰው በአንድ ከሰዓት ጨዋታ ረሳ? እጁ ያው እጅ ነው፣ ዱላውም ያው ዱላ። እኛም የገረመን ይሄ ነው። ጎልፍ ለአብዛኞቻችን ሩቅ የሆነ፣ የሀብታም መዝናኛ የሚመስል ስፖርት መሆኑን እናውቃለን። ግን ፈተና ላይ ያጠናው ነገር ድንገት ለጠፋበት ወይም ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ምላሱ ለተሳሰረበት ሰው ከጎልፍ የበለጠ የሚገባው ስፖርት ያለ አይመስለንም።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቀው። ሜዳው 18 ጉድጓዶች አሉት። ኳሷን ከሩቅ በዱላ እየመታችሁ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ታስገባላችሁ፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ቀዳዳው ስፋቱ 10.8 ሴንቲሜትር ነው። ቀዳዳው አካባቢ ያለው በጣም አጭር ሣር ግሪን ይባላል፣ እዚያ ላይ ኳሷን ቀስ አድርጎ ማንከባለል ደግሞ ፓት ይባላል።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጥሩ ባለሙያ አንድ ዙር ለመጨረስ 70 ምት አካባቢ ይበቃዋል። ዱላውን ወደ ኋላ አንስቶ ኳሷን እስኪመታ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዙሩ ግን አራት ሰዓት፣ አንዳንዴ አምስት ሰዓት ይፈጃል። የቀረው ጊዜ በእግር ጉዞ፣ በመጠበቅ እና በማሰብ ያልቃል። አደጋውም ያለው እዚህ ማሰቡ ላይ ነው።

እግር ኳስ ላይ ሯጭ እግር ለማሰብ ጊዜ የለውም። ኳስ ትመጣለች፣ ትመታለህ፣ በቃ። ፔናሊቲ ሲሆን ግን ነገሩ ይቀየራል። ኳሷ ቆማለች፣ ሁሉም ያያል፣ አንተም ብዙ የምታስብበት ጊዜ አለህ። ጎልፍ ማለት 70 ፔናሊቲ ማለት ነው።

ሲያን ቤይሎክ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይሄን በሙከራ አይታዋለች። ልምድ ያላቸው ጎልፈኞች ፓት ሲመቱ የራሳቸውን የእጅ እንቅስቃሴ እንዲከታተሉ ስታዛቸው ባሰባቸው። ሐሳባቸውን በሌላ ነገር ስትይዝባቸው ግን ምንም አልሆኑም። ጀማሪዎቹ ተቃራኒ ነበሩ፤ እነሱ ትኩረታቸውን እጃቸው ላይ ሲያደርጉ ይሻላቸው ነበር። በሌላ ሙከራ ደግሞ ባለሙያዎቹ ቶሎ ቶሎ እንዲመቱ ሲነገራቸው የተሻለ መቱ፣ ጀማሪዎቹ ተበላሹ።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ደረጃ ስትወርዱ እያንዳንዱን እግራችሁን “አሁን ጉልበቴን ላጥፍ፣ አሁን ተረከዜን ላሳርፍ” እያላችሁ ብትቆጣጠሩት መደናቀፋችሁ አይቀርም። ሺህ ጊዜ የተለማመድነው እንቅስቃሴ ያለ እኛ ጣልቃ ገብነት ነው የሚሠራው። ጭንቀት ሲመጣ ግን አእምሮ “ይሄማ ትልቅ ነገር ነው፣ ራሴ ልቆጣጠረው” ብሎ ይገባና የሚሠራውን ማሽን ያበላሻል። “ተጠንቀቅ” የሚለው ምክር አንዳንዴ መርዝ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ትልልቆቹንም አይምርም። ኧርኒ ኤልስ አራት ትልልቅ ዋንጫ ያነሳ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ2016 ማስተርስ ውድድር የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ተነስቶ ኳሷን ለማስገባት ስድስት ፓት ፈጀበት። ጎልፈኞች ይሄን ድንገተኛ የእጅ መክዳት “ይፕስ” ይሉታል። በማዮ ክሊኒክ ያጠኑት ተመራማሪዎች ነገሩ ሁልጊዜ ጭንቀት ብቻ እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ የአንዳንዱ ሰው ችግር ከነርቭና ከጡንቻ ጋር የተያያዘ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ። ስለዚህ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ “ፈሪ ነው” ማለት ልክ አይደለም። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ከይፕስ ጋር በተደጋጋሚ ታግሎ ነው ማስተርስን ሁለት ጊዜ ያሸነፈው።

መድኃኒትስ አለው? ካናዳ ውስጥ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው ጆአን ቪከርስ የጎልፈኞችን ዓይን በመሣሪያ ተከታትላለች። ጎበዞቹ ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን ኳሷ ላይ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያህል ያሳርፋሉ፤ ደካማዎቹ ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ ይቅበዘበዛል። ሌላው መንገድ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ሥርዓት መከተል ነው። አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ልምምድ፣ አንድ እይታ፣ ከዚያ ምት። ሥርዓቱ አእምሮን ሥራ ያስይዘዋል፣ እጅን እንዳይነካካ።

እስካሁን ስለ ጭንቅላት አወራን። ግን ጭንቅላት የሰውነት አካል ነው፤ ያልተኛ፣ ያልበላ፣ ውኃ የጠማው ጭንቅላት አራት ሰዓት ሙሉ ተረጋግቶ መቆየት አይችልም።

እንቅልፍን እንውሰድ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ የሚቸገሩ ጎልፈኞችን የመተንፈሻ ጭምብል አስደርገው ተከታተሏቸው። ወራት ሲያልፉ ውጤታቸው ተሻሻለ፤ ይበልጥ የተሻሻሉት ደግሞ ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። ልብ በሉ፣ አሰልጣኝ አልቀጠሩም፣ አዲስ ዱላም አልገዙም። የተኙት ብቻ ነው።

ውኃም እንደዚያው ነው። ጎበዝ ጎልፈኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሰውነታቸው ትንሽ ውኃ ሲያጣ ኳሷ የምትሄድበት ርቀት ከመቀነሱም በላይ ኢላማቸውና ርቀት የመገመት ችሎታቸው ወርዷል። አንድ ዙር ማለት ስምንት፣ አሥር ኪሎ ሜትር በፀሐይ መራመድ መሆኑን አትርሱ። 16ኛው ጉድጓድ ላይ የሚመጣው “ስህተት” አንዳንዴ ጠዋት ቁርስ ላይ የተጀመረ ነው።

እዚህ ጋ የጆን ዴሊን ስም የሚያነሳ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሰውየው ሲጋራውን እያጨሰ፣ ዳይት ኮኩን እየጠጣ በ1991 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን፣ በ1995 ደግሞ ዘ ኦፕንን አሸንፏል። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ትልቅ ዋንጫ አላነሳም፣ መጠጡና ቁማሩ ምን እንዳስከፈሉት ደግሞ ራሱ በመጽሐፍ ጽፎታል። በሌላ በኩል ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር አለ። “ብረት የሚያነሳ ሰው ጎልፍ አይችልም” በሚባልበት ዘመን ብረት ያነሳ ነበር። ዘጠኝ ትልልቅ ዋንጫ ወስዷል፣ የመጨረሻውን በ1978 ያነሳው በ42 ዓመቱ ነው። እኛ የዴሊን ታሪክ እንወደዋለን፣ ምክር ግን ከፕሌየር እንወስዳለን።

ታይገር ዉድስ ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ አይቷል። ልጅ እያለ አባቱ ኧርል ዱላውን ሊያወዛውዝ ሲል ሆን ብለው ሳንቲም እያቃጨሉ ይረብሹት ነበር፤ በኋላ ምንም እንዳይረብሸው። ያ ሁሉ የአእምሮ ስልጠና ግን ጀርባው ሲከዳው አላዳነውም። በ2017 አራተኛ የጀርባ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ በዚያው ዓመት በዓለም ደረጃ እስከ 1,199ኛ ወርዶ ነበር። ሰውነቱ ሲመለስ ጭንቅላቱም ሥራውን ቀጠለ፤ በ2019፣ በ43 ዓመቱ ማስተርስን አሸነፈ።

ወደ ማክልሮይ እንመለስ፣ ምክንያቱም የእሱ ታሪክ ከ76 ሴንቲሜትሯ በፊት ነው የሚጀምረው። በ2011፣ በ21 ዓመቱ፣ ማስተርስን በአራት ምት እየመራ የመጨረሻውን ቀን ጀመረ። 10ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ በግራ በኩል ወዳሉት ቤቶች ሄደች፣ 12ኛው ላይ አራት ፓት ፈጀበት፣ ቀኑን በ80 ምት ጨረሰ። ዓለም ሁሉ እያየው የተሰበረ ልጅ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆኖ በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳችውን ሃይቲን ጎበኘ። በቀጣዩ ሳምንት ዩኤስ ኦፕንን በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ። ቦታው ኮንግሬሽናል ነው፣ ቤተስዳ ሜሪላንድ፤ ሐበሻ ከሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም።

ማስተርስ ግን እምቢ አለው። ሌሎቹን ሦስት ትልልቅ ዋንጫዎች እስከ 2014 ሰብስቦ ጨረሰ፣ ይቺ አንዷ ስትቀር አሥር ዓመት አለፈ። በየዓመቱ ኤፕሪል ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው፦ “ዘንድሮስ?” እንደዚህ ያለ ጥያቄ አሥር ጊዜ የተጠየቀ ሰው እጁን ዝም ብሎ ማመን ይከብደዋል።

ኤፕሪል 13 ቀን 2025 በሁለት ምት እየመራ የመጨረሻውን ዙር ጀመረ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሁለቱም ምት ጠፋ። ወደ ሁለተኛው ሲራመድ ትዝ ያለው፣ በኋላ እንደተናገረው፣ ጆን ራም ነበር፤ ራም በ2023 ውድድሩን በተመሳሳይ ስህተት ጀምሮ አሸንፏል። ማስተርስ ላይ ተመልካች ስልክ ይዞ እንዳይገባ የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ ሕዝቡ ኳሱን የሚያየው በዓይኑ ነው። ማክልሮይ ግን ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚጫወተውንም ሰው ችላ አለ። አብሮት የነበረው ማን መሰላችሁ? ያው ዴሻምቦ። ከጨዋታው በኋላ ቀኑን ሙሉ አንዴም እንዳላናገረው ዴሻምቦ ተናግሯል። የማክልሮይ የሥነ ልቦና አማካሪ ቦብ ሮቴላ ደግሞ ነገሩ ንቀት እንዳልነበር አስረድቷል፤ በራሱ ጨዋታ ውስጥ ብቻ ለመጥፋት ቀድመው የተነጋገሩበት ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ቀኑ ለስላሳ አልነበረም። 13ኛው ላይ ኳሱን ወንዝ ውስጥ ከተተ። 18ኛው ላይ ለማሸነፍ የምታበቃውን የ1.5 ሜትር ፓት ሳተ። እንግዲህ አስቡት፦ ከ2024 ጋር አንድ ዓይነት ስህተት፣ አንድ ዓይነት ሰዓት። ከጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ሆነና ተጨማሪ ጉድጓድ ታዘዘ።

ወደዚያ ሲሄዱ ዱላውን የሚሸከምለት የልጅነት ጓደኛው ሃሪ ዳይመንድ አንድ ነገር አለው፦ ሰኞ ጠዋት እዚህ ቦታ ትደርሳላችሁ ቢባሉ ኖሮ በደስታ ይቀበሉት እንደነበር። በቃ፣ ያችን ብቻ። ስለ ሳታት ኳስ ምንም አላነሳም።

ማክልሮይ ሁለተኛውን ምት ከቀዳዳው አንድ ሜትር ገደማ ላይ አሳረፋት። ርቀቷ ፓይንኸርስት ላይ ከሳታት 18ኛዋ ጋር ተቀራራቢ ነው። ጎንበስ አለ፣ ኳሷን አየ፣ መታ። ገባች። ከዚያ ሣሩ ላይ በጉልበቱ ወድቆ አለቀሰ።