ጥፋቱ የአብራሪው ነው ወይስ የጌሙ?

የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ሳያልቅ ገበያ ሲወጣ ከሌላው ጌም ይበልጥ የሚያናድደው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቶሎ ስለማይለይ ነው። የእግር ኳስ ጌም ሲበላሽ ወዲያው ይታወቃል፤ ኳሷ በጎን ወጥታ ጎል ከተቆጠረ ማንም አይምታታበትም። ሲሙሌተር ላይ ግን ሞተር ማስነሳቱም፣ ራዳር ማንበቡም፣ ሚሳይል ማነጣጠሩም በሳምንታት ልምምድ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ራዳሩ የያዘውን ዒላማ ሲጥል ጀማሪው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። መመሪያውን ደጋግሞ ያነባል፣ ጆይስቲክ ይቀይራል። ስህተቱ የፕሮግራሙ እንደነበር ሲሰማ የሚያንገበግበው በከንቱ የባከነው ልምምዱ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ፋልከን 4.0 የተባለው ሲሙሌተር እ.ኤ.አ. በ1998 ለገና ገበያ ተጣድፎ ወጣ። በኮሪያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሚካሄደው ዘመቻ ተጫዋቹ ባይኖርም በራሱ የሚቀጥል፣ ለዘመኑ አቻ ያልነበረው ሥራ ነበር፤ ይሁንና ጌሙ በረራ መሐል ይዘጋ ነበር። ሠሪው ማይክሮፕሮዝ ማስተካከያ በማስተካከያ ላይ ሲያወጣ ቆይቶ በ1999 መጨረሻ ባለቤቱ ሐስብሮ ቡድኑን በተነው። በ2000 ምንጭ ኮዱ ሾልኮ ወጣ፤ እስከ ዛሬ የሚበረርበት ፋልከን ቢኤምኤስ በፈቃደኞች እጅ ያደገው ከዚያ ነው። በ2011 የወጣው ሌላ ሲሙሌተር፣ ክሊፍስ ኦፍ ዶቨርም ለንደን ላይ ሲደረስ ምስሉ ይንቀራፈፍ ነበር። እሱንም ያቃናው ቲም ፊውዥን የተባለ የተጫዋቾች ቡድን ሲሆን፣ የታደሰው እትም ለሽያጭ የቀረበው በ2017 ነው። ስድስት ዓመት መሆኑ ነው!

ጋምቤላ ላይ ሌላ ተጠርጣሪ ይጨመራል፤ ሙቀት። ባሮ ዳር ባለችው በዚህች ቆላ ከተማ፣ በበጋው መጨረሻ ቀኑ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ግራፊክስ ካርድ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጥገና ቤት የሚደርሰው ቅሬታ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አንድ ነው፤ «ሀንግ ያደርጋል»። ሙቀት ከሆነ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉ ቀስ በቀስ ይከብዳል፣ ሌላ ከባድ ጌም ሲከፈትም እንደዚያው ነው፤ ማለዳ ሲሞከር ይሻለዋል። ጥፋቱ የጌሙ ከሆነ ግን ማለዳም ቀትርም በዚያው ተልእኮ፣ እዚያው ቦታ ላይ ይዘጋል፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ጌሙ የያዘው ሚሞሪ በየደቂቃው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የፕሮግራሙ ነው። ያን ጊዜ አቧራ መጥረግና ፔስት መቀየር የባለቤቱን ገንዘብ ከመብላት በቀር ፋይዳ የለውም።

መፍትሔው ማስተካከያ ማውረድ ነው፤ እሱ ደግሞ ጊጋባይት ይበላል። የሞባይል ዳታ ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ ሰው ያላለቀ ጌም ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት ዕቃ ነው። በሀርድ ዲስክ እየተቀዳ የሚዞረው ቅጂ ከዚህም ይከፋል፤ የመጀመሪያው ቀን እትም ከሆነ ስህተቱን ሁሉ እንደያዘ ይቀራል፣ ማስተካከያውንም ላይቀበል ይችላል። ስቲም ላይ የገዛ ሰው 14 ቀን ሳይሞላውና 2 ሰዓት ሳይጫወት ገንዘቡን ማስመለስ ይፈቀድለታል፤ ሲሙሌተር ላይ ግን ሁለት ሰዓት ቁልፍና ጆይስቲክ ለማስተካከል እንኳ አይበቃም። አዲስ ሲሙሌተርን በወጣበት ወር መግዛት ለጋምቤላ ተጫዋች አያዋጣም። ዋና ዋናዎቹ ማስተካከያዎች እስኪወጡ መጠበቅና ከመግዛት በፊት የፋይሉን መጠን ከዳታ ዋጋ ጋር ማስላት ያስፈልጋል።