በደሴት አፈር ውስጥ የተሸሸጉት ዕውር እባቦች

ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው የየመን ደሴት ሶቆጥራ ስሟ የሚነሣው በአብዛኛው እንደ ጃንጥላ በተዘረጋውና ቀይ ሙጫ በሚያፈልቀው ዛፏ ነው። ከዛፉ ግርጌ፣ በድንጋይና በአፈር መካከል ግን ጎብኚዎች ልብ የማይሏቸው ሌሎች ነባር ነዋሪዎች አሉ፤ እነርሱም ዕውር እባቦች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በ1889 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲተዋወቅ በደሴቲቱ ስም ተሰይሟል፤ ከሶቆጥራ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኝም። በ2008 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ደሴት ከሚሳቡ እንስሳቷ 90 በመቶ የሚሆኑት የእርሷ ብቻ ናቸው።

ዕውር መባላቸው ፍጹም ትክክል አይደለም። ዓይኖቻቸው በቅርፊት ተሸፍነው እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያሉ፤ ብርሃንን ከጨለማ ለመለየት ያህልም ያገለግሏቸዋል። ሰውነታቸው ከጫማ ማሰሪያ ብዙም ስለማይወፍር ያያቸው ሁሉ የምድር ትል ይመስሉታል። ሆኖም አንጸባራቂ ቅርፊት አላቸው፤ ምላሳቸውንም እንደ ማንኛውም እባብ ያወጣሉ። በብዙዎቹ የጭራ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ እሾህ መንደፊያ ሳትሆን፣ አፈሩን ተደግፈው ወደ ፊት የሚገፉባት ምርኩዝ ናት። መርዝ የላቸውም፤ ሰውንም አይጎዱም።

ምግባቸው የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና እጭ ነው። ጉንዳኖች በሄዱበት የተዉትን ጠረን ተከትለው ከጎጆው ይደርሳሉ። ለእንዲህ ያለ እንስሳ ጠባብ ደሴት ጠባብ አይደለችም፤ አንድ የምስጥ ኩይሳ ሙሉ ጎተራ ይሆንለታልና። የሚያስፈልገው እርጥበት የያዘ አፈር ነው። በሶቆጥራ የፍየል ግጦሽ ምድሩን ሲያራቁትና ጎርፍ አፈሩን ሲጠርገው፣ በመጀመሪያ የሚፈርሰው የእነዚህ እንስሳት ቤት ነው።

ታዲያ መዋኘት የማይሆንለት ፍጡር ባሕር ተሻግሮ እንዴት ደረሰ? ሶቆጥራ በጥንት ዘመን የዐረቢያ ምድር አካል ነበረች፤ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲከፈት ነው የተነጠለችው። ስለዚህ አንዳንድ እንስሳት ምድራቸው ራሷ ይዛቸው የሄደች ይመስላል። ሌሎች ዕውር እባቦች ደግሞ በማዕበል በተነቀሉ ዛፎችና በሥሮቻቸው መካከል በቀረ አፈር ላይ ተንሳፍፈው ውቅያኖስ እንደ ተሻገሩ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ሦስተኛው መንገድ የሰው እጅ ነው። መነሻው ደቡብ እስያ እንደሆነ የሚታሰበው የአበባ መትከያ እባብ በችግኝ አፈር ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ብዙ የዓለም ደሴቶች ገብቷል፤ በኤምሬትስና በዖማን የአትክልት ስፍራዎችም ይኖራል። የሚያስደንቀው ሁሉም ሴቶች መሆናቸው ነው። እንቁላሎቻቸው ያለ ወንድ ስለሚያድጉ፣ በአንዲት መትከያ ውስጥ የገባች አንዲት እባብ ብቻዋን አዲስ ነገድ ትመሠርታለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አትክልት የምታጠጡ ወገኖቻችን ምናልባት ሳታውቋት አይታችኋት ይሆናል።

ይህች እንግዳ ከነባሩ ጋር ስትገናኝ ምን ችግር እንደሚፈጠር በካሪቢያን ባሕር ያለችው ባርባዶስ ታሳያለች። በ2008 ለሳይንስ የተገለጸው የባርባዶስ ክር እባብ ካደገ በኋላ እንኳ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዓለም ትንሹ እባብ እንደሆነም ይነገርለታል። ሴቷ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ለመራባትም ወንድና ሴት መገናኘት አለባቸው። የደሴቲቱ ጥንታዊ ደን ደግሞ ከጥቂት ቁራጭ በቀር ተመንጥሯል። በተራቆተ ምድር ጥቂት ሆነው ለቀሩት፣ አንዱ ሌላውን ማግኘት ከባድ ነው፤ የአበባ መትከያዋ እባብ ግን ማንንም አትፈልግም።

ክር እባቡ ወደ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይታይ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በዛፍ ሥር ከተያዘ ድንጋይ ግርጌ አንድ ተገኘ። መጤዋ እባብ በደሴቲቱ ስለምትኖርና ሁለቱም እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ያገኙት ባለሙያዎች ወዲያው ለመደሰት አልደፈሩም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት በጀርባው ላይ ያሉት ፈዛዛ መስመሮችና የዓይኖቹ አቀማመጥ ማንነቱን አረጋገጡላቸው። ከዚያም ወደ ጫካው መልሰው ለቀቁት።