ገበታን በዕጣ ስለ መመርመር

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የደላንታ ደጋ፣ ድርቅ ሌላውን አዝመራ ሁሉ አጥፍቶ ጓያን ብቻ በሚያስቀርበት ዓመት፣ ያን ለወራት ሲመገብ ከቆየው ሕዝብ መካከል አንዳንዱ ጎልማሳ ከመኝታው ሊነሣ ሲል እግሩ አልታዘዝ ይለውና ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን በምርኩዝ ይገፋ ነበር። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና የቤልጂግ ባልደረቦቻቸው ይህን መከራ መርምረው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ጓያን ቀቅሎ፣ ቆልቶ ወይም በእሸቱ መብላት ለሽባነት እንደሚያጋልጥ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ ወይም ቅመም ባለው ወጥ መብላት ግን አደጋውን እንደሚቀንስ ገለጡ። የምግብ ዕውቀት ከባለሙያዋ ድስትና ምጣድ ተለይቶ እንደማይቆም ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ይሁን እንጂ ይህ ጥናት የታመመውን ካልታመመው ጋር ያነጻጸረ እንጂ፣ አስቀድሞ ለሰው ገበታ መድቦ ፍጻሜውን የተጠባበቀ አልነበረም። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ሐኪሞች ክሊኒካዊ ሙከራ ይሉታል። በትንቢተ ዳንኤል፣ ነቢዩና ሠለስቱ ደቂቅ 10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ተመግበው ፊታቸው ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ብላቴኖች ፊት ጋር በተመዘነ ጊዜ የዚህ አብነት ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን እነርሱ ገበታቸውን በፈቃዳቸው የመረጡ፣ ቀድሞም በትዕግሥትና በሥርዓት የተለዩ ስለ ነበሩ፣ የጥራጥሬውን ኃይል ከጠባያቸውና ከአምላካቸው ረድኤት ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የዛሬው ተመራማሪ ምርጫውን ከሰው እጅ ወስዶ ለዕጣ የሚሰጠው ጥንቁቁና ቸልተኛው፣ ባለጸጋውና ድኻው በሁለቱም ወገን ተካክለው እንዲገኙ ብሎ ነው።

ዕጣው ሲጓደል የሚሆነውን ስፔን አሳይታለች። የወይራ ዘይትና የለውዝ ዓይነት ፍሬዎች የበዙበት ገበታ ከልብና ከአንጎል ደም ሥር ሕመም ይጠብቅ እንደ ሆነ በ7,447 ሰዎች ላይ የመረመረው ዝነኛ ሙከራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ታትሞ ሳለ፣ ከአንድ ቤት የመጡ አንዳንድ ሰዎች ያለ ዕጣ በአንድ ምድብ መግባታቸው ስለ ተደረሰበት፣ ጽሑፉ በዚያው አቆጣጠር በ2018 ተሽሮ፣ ስሌቱም ታርሞ እንደገና ወጣ፤ ጥቅሙ ግን ያው 30 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ።

የስፔን ሐኪሞች የተሰናከሉበት ነገር በወሎ የኑሮ ሥርዓት ነው፤ ቤተሰቡ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ እየተጎራረሰ ሲበላ፣ አባትዬውን ብቻ ለይቶ ሌላ እንጀራ ማቅረብ ከነውር ይቈጠራልና። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ዕጣው ለቤተሰብ ወይም ለመንደር መጣል የሚገባው ይመስለኛል። ገበታውም እንደ ቦታውና እንደ ሃይማኖቱ ይለያያል፤ በደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው ብርድ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወረድ ስንዴውና ገብሱ ለማሽላ ቦታ ይለቃል፤ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፤ ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ማታ ከምግብም ከውኃም ይከለከላል፤ ይህም የስኳር ሕመምተኛውን የመድኃኒት ሰዓትና መጠን ይለውጣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርቱን በደሴ፣ የቴክኖሎጂውን በኮምቦልቻ ይዞ መገኘቱ ሕመምተኛውንም እህሉንም ለመመርመር ይመቸዋል።

በወሎው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በማሕፀን ወይም በእናታቸው ጀርባ የነበሩት ዛሬ 40 ዓመት ደርሰዋል፤ በራያ ቆቦ የተደረገ ጥናት ከእነርሱ ወገን በማሕፀን ሳሉ ረሃቡ ያገኛቸው በቁመት ዝቅ ብለው ማደጋቸውን አሳይቷል፤ በሆላንድም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የረሃብ ክረምት የተፀነሱትና የተወለዱት ሲጐለምሱ ስኳርን የመሸከም አቅማቸው ደክሞ ተገኝቷል። እነዚህ የወሎ ልጆች በጤና ያረጁ ዘንድ ምን ሊበሉ እንደሚገባ ከሌላ አገር ገበታ ተቀድቶ አይነገራቸውም።

ሙከራው ግን ያለ ፈቃድ አይጀመርም። መድኃኒቱን ሙከራው ከሚካሄድበት ሆስፒታል የሚጠብቅ ሰው ለሐኪሙ «እምቢ» ማለትን ይፈራል፤ ስለዚህ ማንበብ ለማይችሉ አሮጊት እናት ጽሑፉ በምስክር ፊት ተነቦላቸው፣ አውራ ጣታቸውን በቀለም ከማኖራቸው አስቀድሞ፣ በማናቸውም ቀን «ይብቃኝ» ቢሉ የስኳር መድኃኒታቸው እንደማይቋረጥባቸው በሚገባቸው ቃል ሊነገራቸው ግድ ነው።