ስሙን ሰውሮ ስለሚጽፍ ሰው

በአገራችን በጥንት ጊዜ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው ኹሉ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። ያየ ሰው ግን በአደባባይ ቢናገር የወንጀለኛው ዘመዶች ቂም እንዳይዙበት፥ ነገሩን ለሽማግሎች በምሥጢር ይገልጻል፤ ሽማግሎቹም ስሙን ሳያወጡ ወፍ ነገረን ይላሉ። እንግዲህ ስምን መሰወር የዛሬ ፈሊጥ አይደለም።

ይህንን ማንሣታችን የእጅ ስልክ በየቤቱ ከገባ ወዲህ፥ በፌስቡክና በቴሌግራም በሐሰት ስም የሚጽፈው ሰው እጅግ ስለ በዛ ነው። ጥቅሙን መካድ አይገባም። ባሏ የሚደበድባት ሴት፥ ወይም ለእናቷ ለመንገር የምታፍረው ደዌ ያገኛት ልጃገረድ፥ በስሟ የማትደፍረውን ያለ ስም ጠይቃ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሕግ የሚያደርሰውን መንገድ ታገኛለች። የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ሲበላ ያየ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። መንግሥትም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 699 ለጠቋሚና ለምስክር ጥበቃ ሲሰጥ፥ ማንነትን መሰወር ከጥበቃዎቹ አንዱ እንዲሆን አድርጓል።

ጉዳቱ ግን ወደ ቤተ ሰብ የሚገባው በሌላ በር ነው። ለሠርጓ ጥቂት ቀን የቀራትን ልጅ አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው ያልሆነችውን ናት ብሎ ቢጽፍባት፥ ሳይመሽ የሁለቱም ወገን ዘመድ አንብቦ ያድራል፤ ሽማግሌ ልኮ የነበረው የሙሽራው አባትም ፊቱን ያዞራል። የ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የሰውን ክብር የሚያጐድፍ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ያሰራጨውን፥ ተበዳዩ ሲያመለክት፥ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ዳሩ ግን ማን ይቀጣ? ካሣ ለመጠየቅ የሚቀርብ ክስም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የተከሳሹን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። እኛ በመዝገብ ቤት ተቀምጠን እንዲህ ያለውን አቤቱታ ስንመለከት፥ «ተከሳሽ» ከሚለው ቃል አጠገብ የምንጽፈውን ስም እናጣለን።

ወፉና ይህ ጸሐፊ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ወፉ ከሕዝቡ ቢሰወር ከሽማግሎቹ አልተሰወረም፤ የሚናገረውም የሚያውቁትን ሰዎች ዐይን እያየ ነው። በዚያም ቢሆን ቂሙን በወፍነት የተወጣ አልነበረም አንልም። የዛሬው ግን ከሕዝቡም ከዳኛውም ተሰውሯል። ስለዚህ ያለ ስም መጻፍ ፈጽሞ ይከልከል የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም፤ ከኹሉ አስቀድማ ዝም የምትለው ያች የምትደበደበው ሴት ናትና።

እንዲህ ያለ ነገር የተጻፈበት ቤተ ሰብ ተቈጥቶ መልስ ከመጻፉ በፊት፥ ጸሐፊው ሳይሠርዘው፥ ጽሑፉን ከነቀኑና ከነሰዓቱ በሥዕል አስቀርቶ ለፖሊስ ያመልክት። የሙሽራውም አባት ቃሉን ከማፍረሱ አስቀድሞ ልጂቱን ራሷን ይጠይቃት።